ዴንቨር ጓሮ ውስጥ ዶሮ ማርባት፦ ፈቃዱ፣ ልኬቱና የበዓሉ ጉዳይ

ጥያቄው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዴንቨር ቤት ገዝተን ገብተናል። ጓሮው ሰፋ ያለ ነው። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ አብራን ትኖራለች። ቀኑ አልመሽ እያላት ‹ዶሮ ላርባ› ትለኛለች። እኔም እንቁላል ሲወደድ ጊዜ ሐሳቡን ወደድኩት። ግን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚለው ለየቅል ነው። ሲያትል ያለው ወንድሜ ‹ፈቃድ ምናምን የለም፣ ዝም ብለሽ ግዢ› ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ጎረቤት ካልፈቀደልሽ ትቀጫለሽ› አለችኝ። እውነቱ የቱ ነው? ስንት ዶሮ ይፈቀዳል? አውራ ዶሮስ? ለገናና ለፋሲካ ከራሳችን ዶሮ ማረድ እንችላለን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሁለቱም አልዋሹሽም። ወንድምሽ የነገረሽ የሲያትልን ነው። ሲያትል ለዶሮ ፈቃድ አትጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሚፈቀደውን ቁጥር ከ3 ወደ 8 አሳድጋለች። የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት መኖሪያ 10 ጫማ ይራቅ፣ አዲስ አውራ ዶሮ አይግባ ትላለች። ባልደረባሽ ያለችሽ ደግሞ የድሮዋን ዴንቨር ነው። እስከ 2011 ድረስ እዚህ ዶሮ ለማርባት ማስታወቂያ መለጠፍ፣ የጎረቤት ተቃውሞ ካለ መጠበቅ፣ ላቅ ያለ ክፍያም መክፈል ነበረ። ያ አሠራር ቀርቷል። ወሬው ግን እስካሁን አለ።

የዛሬው የዴንቨር ደንብ በአጭሩ ይሄ ነው። ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚሰጠው የከተማዋ የእንስሳት ጥበቃ ክፍል፣ ዴንቨር አኒማል ፕሮቴክሽን ነው። ስትደውዪ «ፉድ ፕሮዱሲንግ አኒማል ፐርሚት» ብለሽ ጠይቂ፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ደንቡ በ2011 ሲወጣ የተቀመጠው ክፍያ 25 ዶላር ነው፣ እሱም የአንድ ጊዜ። የጎረቤት ፊርማ የለበትም። ዶሮና ዳክዬ ተደምረው እስከ 8 ይፈቀዳል። ከዚያ ሌላ 2 ድንክ ፍየሎች መያዝ ይቻላል። አውራ ዶሮ አይፈቀድም። ማረድም አይፈቀድም።

ስለዚህ ወረቀቱ ቀላል ነው። ሰው የሚቸገረው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ዶሮዎቹን ገዝቶ ካመጣ በኋላ ነው። የዶሮ ቤቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ከደንቡ ጋር አይገጥምለትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ መጣል ያቆሙትን ዶሮዎች የሚያደርግበት ያጣል። እነዚህን ሁለቱን ከመግዛትሽ በፊት ጨርሻቸው። ሙያዬ ዶሮ እርባታ ነው፤ የማማክራቸው የአገራችን ሰዎች ደጋግመው የሚሰናከሉትም እዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ቤትሽ በእርግጥ ዴንቨር ነው? ጥያቄው የሞኝ እንዳይመስልሽ። ሐበሻው ኦሮራ እየኖረም «ዴንቨር ነኝ» ነው የሚለው። የፖስታ አድራሻው ዴንቨር የሚል፣ ግን ከከተማዋ ክልል ውጭ ያለ ቤትም አለ። የዴንቨር ፈቃድ ኦሮራ ውስጥ አይሠራም፤ ኦሮራ የራሷ ደንብ አላት። ግሌንዴል በዴንቨር ተከባ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ እሷም ለብቻዋ ናት። ማጣሪያው ቀላል ነው። የቤትሽን የንብረት ግብር ወረቀት አውጪና እዪው። ዴንቨር ከተማም ካውንቲም ናት። ግብርሽ የሚሄደው ለአራፓሆ ወይም ለአዳምስ ካውንቲ ከሆነ ዴንቨር ውስጥ አይደለሽም። እንደዚያ ከሆነ ያለሽበትን ከተማ ወይም ካውንቲ ጠይቂ። እኔ ከዚህ በታች የምሰጥሽን ቁጥሮችም እንዳሉ አትውሰጃቸው።

ቀጥሎ ኤችኦኤ አለ። አዲስ ሰፈር ከሆነ የገዛችሁት የቤት ባለቤቶች ማኅበር አይጠፋም። ቤቱን ስትፈርሙ ከተቀበላችሁት የወረቀት ክምር ውስጥ የማኅበሩ ደንብ አለ። እሱ ላይ ስለ እንስሳት የተጻፈውን ክፍል ፈልጊ። አብዛኛው ውሻና ድመት ፈቅዶ «የቀንድ ከብትና የዶሮ ዘር ክልክል ነው» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከተማው ከፈቀደልኝ ማኅበሩ ምን ያመጣል ይላል። ያመጣል። ከተማው የሚሰጥሽ የከተማውን ፈቃድ ብቻ ነው። ከማኅበሩ ጋር ያለሽ ግን ፈርመሽ የገባሽበት ውል ነው፤ መቀጮውም ለብቻው ነው። ማኅበሩ ከከለከለ ነገሩ እዚያው አለቀ። ገንዘብሽን አታውጪ።

እነዚህን ሁለት በሮች ካለፍሽ አሁን ሜትር ይዛችሁ ጓሮ ውጡ። ባለቤትሽ አንዱን ጫፍ ይያዝ፣ አንቺ ሌላውን። የምትለኩት ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጥልቀት ነው። ዶሮዎቹ መኖር ያለባቸው በቦታው የኋላ ግማሽ ላይ ነው። በድሮዎቹ የዴንቨር ሰፈሮች የተለመደው ቦታ 50 ጫማ በ125 ጫማ ነው። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ ከኋላው አጥር ጀምረሽ ስትለኪ 62 ጫማ ተኩል ድረስ ያንቺ ነው። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ቤቱ ጎን ወይም ወደ መንገዱ መምጣት አይቻልም። አንዳንድ ሰው «በኩሽና መስኮት እንዳያቸው» ብሎ ቤቱ ጥግ ላይ ይሠራል። ቤቱ ከቦታው መሐል ወደ ፊት ያለ ከሆነ ይሄ ከደንብ ውጭ ነው።

ሁለተኛው ከጎረቤት ያለው ርቀት ነው። የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት መኖሪያ ቤት 15 ጫማ፣ ማለት አራት ሜትር ተኩል ያህል መራቅ አለበት። የሚለካው እስከ አጥሩ አይደለም፤ ሰው እስከሚኖርበት ሕንፃ ድረስ ነው። ያንቺ ቤት አይቆጠርም። የጎረቤት ጋራዥ መኪና ብቻ የሚቆምበት ከሆነ መኖሪያ አይደለም። እዚህ ላይ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። ዴንቨር ውስጥ ጋራዡን አፍርሶ ወይም ከላዩ ጨምሮ የሚከራይ ቤት የሚሠራው በዝቷል። ከተማዋም በ2024 መጨረሻ ላይ ይሄን በሁሉም የመኖሪያ ሰፈሮች ፈቅዳለች። እንዲህ ያለ ቤት ከኋላሽ ወይም ከጎንሽ ካለ ከእሱም 15 ጫማ ራቂ። ገና ካልተሠራም ትንሽ ትርፍ ተዪ። ነገ ጎረቤትሽ ለልጁ ቤት ቢሠራ ያንቺ የዶሮ ቤት ጭቅጭቅ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው የመሬቱ ስፋት ነው። ለአንድ ዶሮ 16 ካሬ ጫማ ውሃ የሚሰርግበት መሬት ያስፈልጋል። አፈር፣ ሣር፣ ጠጠር ይሆናል። ሲሚንቶ አይቆጠርም። ለ8 ዶሮ 128 ካሬ ጫማ ይመጣል፤ 8 በ16 ጫማ እንደማለት ነው። ለ4 ዶሮ ግማሹ ይበቃል። አንዳንዱ የቤት ገዢ ጓሮው ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ወይም በእንጨት ወለል ተሸፍኖ ነው የሚረከበው። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ የሚነሳውን አንሺ።

ልኬቱን በወረቀት ሣዪው። ቤቱ የት እንዳለ፣ ጋራዡ የት እንዳለ፣ የጎረቤት ቤት የት እንዳለ፣ የዶሮ ቤቱ የት እንደሚቆም አሳዪ፤ ርቀቶቹን በቁጥር ጻፊ። ቆንጆ ሥዕል መሆን የለበትም። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘሽ ስትደውዪ ወይም ስትሄጂ የሚጠይቁሽን ሁሉ ወዲያው ትመልሻለሽ። በተረፈ ደንቡ የሚለው ዶሮዎቹ ከብርድና ከዝናብ የሚጠለሉበት፣ አውሬ የማይገባበት ቤትና አጥር ይኑር ነው። ቤቱ የኪራይ ቢሆን ኖሮ የአከራይ ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ እልሽ ነበር። ለሌሎች አንባቢዎች ይሄን ልብ በሉ።

ስለ አውሬው ጥቂት ልበል፤ እዚህ ላይ እናቶቻችን የአገር ቤቱን ልማድ ይዘው ይመጣሉና። አገር ቤት ሽለምጥማጥና ጭልፊት ነበር የምንፈራው። እዚህ ራኩን አለች። ሌሊት ትወጣለች፣ እጇ እንደ ሰው እጅ ይሠራል፣ ቀላል መቀርቀሪያ ትከፍታለች። ቀበሮና ኮዮቲም ከተማው መሐል ይዞራሉ። መደብር ውስጥ የዶሮ ሽቦ ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ይይዛታል እንጂ አውሬ አያስቆምም። ራኩን በቀዳዳው እጇን አስገብታ ቆጥ ላይ ያለችውን ዶሮ ትጎትታለች። ግማሽ ኢንች ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የብረት ወንፊት ግዙ፤ «ሃርድዌር ክሎዝ» ብላችሁ ጠይቁ። ዙሪያውን ወደ መሬት አንድ ጫማ ያህል ቅበሩት። በሩ ላይ ሁለት እንቅስቃሴ የሚጠይቅ መቆለፊያ ይሁን። ማታ ማታ መዝጋት የእናትሽ ሥራ ከሆነ አይረሱትም፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዶሮ ማስገባት ከልጅነታቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ አውራ ዶሮ። ዴንቨር አትፈቅድም፣ አለቀ። ሎስ አንጀለስ አንድ ትፈቅዳለች፤ ስለዚህ ከዚያ የመጣ ሰው ሌላ ቢነግርሽ አትደነቂ። ለእንቁላል ግን አውራ ዶሮ አያስፈልግሽም። ሴቷ ያለ እሱም ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም። እናትሽ «አስታቅፌ ጫጩት አወጣለሁ» ብለው ከሆነ ያሰቡት፣ ይሄን ቀድመሽ ንገሪያቸው። አውራ ዶሮ ካለበት ቦታ እንቁላል አምጥቶ ማስታቀፍ ቢቻልም ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ። ወንዱን የት ታደርጊዋለሽ?

ጫጩት ስትገዙም ተጠንቀቁ። «ስትሬት ራን» የሚል ከተጻፈበት ሴትና ወንዱ አልተለየም ማለት ነው። ርካሽ ነው፤ አትግዙት። «ፑሌት» የሚለውን ፈልጉ፤ እኛ ቄብ የምንላት ናት። የተለየውም ቢሆን አልፎ አልፎ ወንድ ይቀላቀልበታል። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ቀይ ኩክኔው ቀድሞ ይወጣል፤ ከዚያ መጮህ ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ከከተማ ውጭ የሚወስድልሽ ሰው ይኑርሽ። ሻጩን ከመግዛትሽ በፊት «ወንድ ቢወጣ ትመልሳለህ?» ብለሽ ጠይቂው። የሚመልሱ አሉ።

የፋሲካውና የገናው ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ጥያቄሽ ውስጥ መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥሽው፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። የዴንቨር ደንብ በጓሮ የሚረቡትን እንስሳት እዚያው ማረድ ይከለክላል። ጋራዥ ውስጥ ቢሆን፣ ማታ ቢሆን፣ ማንም ባያይ ለውጥ የለውም። «አንድ ዶሮ ለበዓል ማን ያውቃል» የሚል ምክር ከሰማሽ አትቀበዪው። ተቆጣጣሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ጎረቤት ሲደውል ነው። ጎረቤትሽ ልጆቹ ስም ያወጡላትን ዶሮ ደም ሲያይ ይደውላል። ከዚያ በኋላ የሚበላሸው ጉርብትናው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ጥሩ ጣይ ዶሮ ከ5 ወር ገደማ ጀምራ ትጥላለች። ብዙ የምትጥለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ከዚያ ይቀንሳል። ዕድሜዋ ግን ስድስት ስምንት ዓመት ሊደርስ ይችላል። የተፈቀደልሽ 8 ነው፤ የማትጥለዋም ከ8ቱ አንዷ ሆና ትቆጠራለች። በአንድ ጊዜ 8 ቄብ የገዛ ሰው በአራተኛው ዓመት 8 አሮጊት ይዞ ይቀመጣል። አዲስ መግዛት አይችልም፣ ማረድም አይችልም። ስለዚህ በ4 ጀምሪ። በሦስተኛው ዓመት 4 ጨምሪ። 4 ጥሩ ዶሮዎች በሚጥሉበት ወቅት በሳምንት ከ16 እስከ 20 እንቁላል ይሰጡሻል። ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

አሮጌዎቹን ደግሞ ከከተማው ውጭ ማሳረድ ትችያለሽ። ዶሮ የሚያርዱ ፈቃድ ያላቸው ትንንሽ ቄራዎች በገጠሩ አሉ። ከዚያ ሌላ ከከተማ ውጭ እርሻ ያለው ሰው ታውቂ እንደሆነ፣ በእሱ ፈቃድና በዚያ ካውንቲ ደንብ መሠረት እዚያው ማረድ ነው። ለእኛ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። የክርስቲያን ቤት «በስመ አብ» ተብሎ፣ የሙስሊም ቤት «ቢስሚላህ» ተብሎ ካልታረደ አይበላም። ስለዚህ ቄራ ስትደውዪ ዋጋውን ብቻ አትጠይቂ። «የራሳችን ሰው ገብቶ ማረድ ይችላል ወይ?» በዪ። የሚፈቅድም የማይፈቅድም አለ። ለበዓል ሰሞን ቀጠሮ ይሞላል፤ ወር ቀደም ብለሽ ያዢ።

እናትሽ የሚያውቁትን ልጨምር። ለዶሮ ወጥ እንዲህ ያለች አሮጌ ዶሮ ከሱቅ ዶሮ ትሻላለች። የሱቁ ዶሮ የስድስት ሰባት ሳምንት ጫጩት ነው፤ ቁሌቱ ሳይበስል ሥጋው ይፈርሳል። ያደገች ዶሮ አሥራ ሁለቱ ብልት ሳይፈርስ ረጅም ሰዓት ትችላለች። ለዚህ ነው ማሳረጃ ቦታ ከመጀመሪያው ፈልጊ የምልሽ። ሥጋው አይባክንም፣ ቁጥርሽም አይሞላም።

ስለ እንቁላሉም የወቅቱን ነገር ላስረዳሽ። ዶሮ የምትጥለው ብርሃን ተከትላ ነው። በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ስታገኝ በደንብ ትጥላለች። ዴንቨር በዲሴምበር ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አይሞላም። በመከር ላባቸውን ይጥላሉ፤ ያኔም እንቁላል ያቆማሉ። ስለዚህ ለገና ዶሮ ወጥ እንቁላል የምትፈልጊበት ሰሞን ጎጆው ባዶ የሚሆንበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያ ክረምታቸው ላይ ያሉ ቄቦች ብዙ ጊዜ አያቋርጡም፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ጠብቂው። ቀኑ ረዝሞ እንቁላሉ የሚጎርፈው ደግሞ ከማርች ጀምሮ ነው። ያ ሁዳዴ ነው! ቤቱ የሚጾም ከሆነ 55 ቀን ሙሉ እንቁላል የሚበላ የለም፤ ዶሮዎቹ ደግሞ አይጾሙም።

ያኔ ለጎረቤት ስጪ። የምሬን ነው፣ ይሄን ለጉርብትና ተጠቀሚበት። የጎረቤት ፊርማ አያስፈልግም ብያለሁ፤ ዶሮዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ግን ሄደሽ ንገሪያቸው። «አውራ ዶሮ አይኖርም፣ በየሳምንቱ አጸዳለሁ፣ ሽታ ካስቸገራችሁ ለእኔ ንገሩኝ» በዪ። ከወር በኋላ ስድስት እንቁላል በካርቶን ይዘሽ በሩን አንኳኪ። በዚህ መንገድ የሄዱ ቤቶች ላይ ክስ ሲመጣ አላየሁም።

መሸጥ ከፈለግሽም መንገድ አለው። ኮሎራዶ በ2012 ባወጣችው የቤት ውስጥ ምግብ ሕግ፣ «ኮቴጅ ፉድስ አክት» በሚባለው፣ አንድ ሰው በወር እስከ 250 ደርዘን እንቁላል በቀጥታ ለተጠቃሚው መሸጥ ይችላል። ያንቺ 4 ዶሮዎች ከዚያ አጠገብም አይደርሱም። የምግብ ደኅንነት ሥልጠና መውሰድና ካርቶኑ ላይ መለያ መለጠፍ አለበት። ዴንቨርም ነዋሪ ከቤቱ ምግብ እንዲሸጥ የምትሰጠው ለብቻው ፈቃድ አለ። ለራሳችሁ ቤት የሚሆን ያልታጠበ እንቁላል ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ቅርፊቱ ላይ ተፈጥሯዊ መሸፈኛ አለው። አንዴ ካጠብሽው ግን ፍሪጅ ይግባ።

«እንቁላል ሲወደድ ጊዜ» ስላልሽው አንድ ነገር ልናገር። በማርች 2025 የአንድ ደርዘን አማካይ ዋጋ በአገር ደረጃ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ከዚያ ወርዷል። የዶሮ ቤት፣ ሽቦ፣ የመኖ ዕቃ፣ የውሃ ማሞቂያ ስትገዢ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። አንድ ዶሮ በቀን ሩብ ፓውንድ ያህል ትበላለች። ለ4 ዶሮ 50 ፓውንድ ከረጢት 50 ቀን ያህል ይሄዳል። ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ አትጀምሪው። ለእናትሽ ከሆነ ጀምሪው። ጠዋት ተነስቶ የሚጠብቃቸው ነገር መኖሩ፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንቁላል መልቀማቸው፣ በዚህ አገር ቤት ውስጥ ተዘግቶ ለሚውል አዛውንት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለብዙ ቤቶች «ይሁን» የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ምግባቸው፦ መሠረቱ የጣይ ዶሮ መኖ ይሁን፣ 16 በመቶ ፕሮቲን ያለው። የተረፈ እንጀራ ትንሽ ትንሽ ይቻላል። ወጥ የነካው ግን ጨውና ሽንኩርት አለበት፤ አይሰጥ። አቮካዶና ጥሬ ቦሎቄ ይመርዛቸዋል።

ጤናውን ግን በቀላሉ አትዪው። ዶሮ ጤነኛ መስላም ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰውን በተቅማጥ የሚያሳምም ጀርም ትይዛለች። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጫጩት እንዳይዙና እንዳይስሙ። ከጓሮ ሲገባ እጅ በሳሙና ይታጠባል። የመኖና የውሃ ዕቃቸው በኩሽና ገንዳ አይታጠብ። እናቶች ጫጩት ሲበርደው ኩሽና አምጥተው ምድጃ አጠገብ ያስቀምጣሉ፤ ይሄን ከጅምሩ በፍቅር ተነጋገሩበት።

የወፍ ጉንፋኑም አለ። ኤች5ኤን1 የሚባለው ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ የዶሮ እርባታዎች ብዙ ጉዳት አድርሷል። በጁላይ 2024 ከዴንቨር ሰሜን ባለው ዌልድ ካውንቲ ትልልቅ እንቁላል ማምረቻዎች ገብቶ፣ ዶሮዎቹን ሲያስወግዱ የነበሩ ሠራተኞችም ተይዘዋል። ወደ ጓሮ የሚያመጡት የዱር ወፎች ናቸው፣ በተለይ ዳክዬና ዝይ። የዴንቨር መናፈሻዎች በዝይ ኩስ የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ መናፈሻ የሄድሽበት ጫማ ዶሮ ቤት አይግባ። አንድ ጥንድ ቦት በር ላይ ይቀመጥ፣ ለዶሮ ቤት ብቻ። መኖውና ውሃው ከላይ ይሸፈን። ሁለት ሦስት ዶሮ በድንገት ከሞተብሽ «ፈንግል ነው» ብለሽ አትቅበሪ። ለኮሎራዶ ግዛት የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ደውዪ፤ ሬሳውን በባዶ እጅ አትንኪ።

ሽታ የሚመጣው ከኩሱ ነው። ከታች ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ አንጥፊ። የወጣውን ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅለሽ ይብላላ። ያልተብላላ ኩስ ጎመን ላይ እንዳታደርጊ፤ ያቃጥለዋል፣ በሽታም ያመጣል። ጥሬውን አፈር ላይ ካደረግሽ፣ መሬት የሚነካ አትክልት ከመልቀምሽ በፊት 120 ቀን ጠብቂ።

ብርዱ እንደምታስቢው አይከፋም። ደረቅ ከሆኑ ይችሉታል። ኩክኔያቸውን ብርድ የሚመታው ቤቱ ውስጥ እርጥበት ሲታፈን ነው። ስለዚህ ከላይ አየር የሚወጣበት ይኑር፣ ቆጡ ላይ ግን ነፋስ አይንፈስ። የሙቀት አምፖል አትስቀዪ፤ በየክረምቱ እሳት ያስነሳል። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ የሚሞቅ መጠጫ ግዢ። ለእሱ ከቤቱ ቋሚ የኤሌክትሪክ መስመር መቅበር ካሰባችሁ ያ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ዘራቸውን ስትመርጪ ኩክኔዋ አጭር የሆነውን ዋያንዶት ተመልከቺ፤ ለዚህ ብርድ የተሠራች ናት። ሮድ አይላንድ ሬድም ትችላለች፣ እንቁላሏም ብዙ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉሽ ጫጩት ከማሳደግ ይልቅ ከ16 እስከ 18 ሳምንት የሞላቸውን ቄቦች ግዢ። ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ግን የማሞቂያው ጣጣ የለም፣ ሴት መሆናቸውም በዓይን ይታወቃል። ጫጩት የግድ ከሆነ፣ ለማርች እንዲደርስ የማኅበሩን ደንብና ልኬቱን በክረምት ጨርሱ፣ ቤቱን ሥሩ፣ ፈቃዱን አውጡ። ሱቅ የምትሄዱት ፈቃዱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው።